ልጆቼ መንጃ ፈቃድ እዚህ ያውጡ ወይስ ቨርጂኒያ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያለው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ፕሮሰሱ አልቆ ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው። ሴቷ 19፣ ወንዱ 16 ዓመታቸው ነው። ፍሎሪዳ ያለው ወንድሜ «ሕጉ ተቀይሯል፣ ልጁ የስድስት ሰዓት ትምህርት ካልወሰደ ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) አያገኝም» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «እዚሁ መንጃ ፈቃድ አውጪላቸው፣ እዚያ ይቀየርላቸዋል» ትላለች። የቱን ልስማ? (ሀ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት።

ወንድምዎ ልክ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ፐርሚት ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ የስድስት ሰዓት ትምህርት መውሰድ አለበት። ቀድሞ የሚጠየቀው የአራት ሰዓት ነበር። ግን ልጅዎ የሚገባው ቨርጂኒያ ነው። እኛ አገር የመንጃ ፈቃድ ሕጉ፣ አዋጅ 1074/2010፣ አዳማም ጎንደርም ያው ነው። እዚያ እያንዳንዱ ስቴት ሕጉን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይቀይራል። ቨርጂኒያ በ15 ዓመት ከ6 ወር ፐርሚት ትሰጣለች፤ ድልድዩን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ 15 ዓመት ከ9 ወር ይላሉ። እዚህ አዳማ የማሰለጥናቸው ልጆች ወላጆችም እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ጊዜ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «አሜሪካ ሕጉ ተቀየረ» ያለዎትን ሰው ሁሉ «የት ስቴት?» ብለው ይጠይቁት።

ወደ ልጁ ልምጣ። እዚህ 18 ሳይሞላው መንጃ ፈቃድ አይታሰብም። ዕድሜ ጨምረን እናውጣለት የሚል ሰው ከመጣ በፍጹም እሺ እንዳይሉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የልደት ቀን አንድ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ሌላ ሆኖ መሄድ መዘዝ ነው። ቨርጂኒያ ሲደርስ ፐርሚቱን አውጥቶ ዘጠኝ ወር ይይዛል፣ የአሽከርካሪነት ትምህርት ይወስዳል፣ 45 ሰዓት ይለማመዳል። ከዚያ ውስጥ 15ቱ ሰዓት ከመሸ በኋላ መሆን አለበት። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ደግሞ ወላጅም ከልጁ ጋር የ90 ደቂቃ ትምህርት ላይ ይቀመጣል። አባቱ ከወዲሁ ይወቀው። መንጃ ፈቃዱን ካገኘ በኋላም 18 እስኪሞላው ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት መንዳት አይችልም።

የሴቷ ነገር ይለያል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚያ ዝም ብሎ አይቀየርም፤ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ትፈተናለች። ቨርጂኒያ ኑሮዬ ብላ ከገባች በኋላ እስከ 60 ቀን በአገሯ መንጃ ፈቃድ መንዳት ሕጉ ይፈቅድላታል። እኔ ግን መንገዱን ሳትለምድ መሪ እንድትይዝ አልመክርም። ያም ሆኖ እዚህ ትማር። መኪና የለመደ እጅና እግር ይዛ ትሄዳለች፤ በማንዋል የሰለጠነ ሰው አውቶማቲክ አይከብደውም።

የጽሑፉን ፈተና ቨርጂኒያ በአማርኛም ትሰጣለች። የምልክቶቹ ክፍል 10 ጥያቄ ነው፣ አንድም መሳሳት አይቻልም። ስለዚህ ከአሁኑ ምልክት ታጥና።

የተግባሩ ላይ የኛን ልጆች የሚያስቸግራቸው ልማድ ነው። እኛ ጋ ፖስታ ቤት አካባቢ በባጃጅ መሀል የሚነዳ ሰው የቁም ምልክት ሲያይ ፍጥነት ቀንሶ፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ አድርጎ ያልፋል። እዚያ ይሄ መቆም አይባልም። ጎማው ጭራሽ መንቀሳቀስ ማቆም አለበት፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንም። በቀይ መብራት ወደ ቀኝ መታጠፍ የሚከለክል ምልክት ከሌለ ይፈቀዳል፣ መጀመሪያ ግን ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነው። ቢጫው የተማሪዎች አውቶቡስ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ሲቆም ደግሞ ከኋላው ያለውም ከፊቱ የሚመጣውም ይቆማል፤ መሀል ላይ አካፋይ ካለ ብቻ ከወዲያኛው በኩል የሚመጣው ያልፋል። ልጅ መንገድ እያቋረጠ ነውና ይሄን አደራ፣ አስይዟት።

እዚህ መንጃ ፈቃድ ሳታወጣ ከሄደች ደግሞ ፐርሚቱን 60 ቀን ትይዛለች ወይም ትምህርቱን ወስዳ ሰርተፊኬት ታቀርባለች።

የቱም ቢሆን መጀመሪያ እሷን ይጨርሱላት። ቨርጂኒያ ፐርሚት ከያዘ ልጅ ጎን የሚቀመጠው ባለመንጃ ፈቃድ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት ትላለች፤ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ግን 18 ይበቃል። አባታቸው ሥራ ላይ ሲሆን ከልጁ ጎን ተቀምጣ የምታለማምደው እሷ ነች።