ከስም ዝርዝሩ ለቀሩት

በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ለተሰማራችሁ ልጆቼ፣

ድሃውን ከጎረቤቱ በላይ የሚያውቀው የለም በሚል እምነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዛሬም እምነቱን አልተውኩትም። ድሃ ቤተሰቦችን በገንዘብ የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እና ሐዋሳን ጨምሮ በሌሎች 10 ከተሞች ሲጀመር፣ ተጠቃሚውን በመለየቱ ሥራ ለሰፈሩ ሰው ድርሻ መሰጠቱ ተገቢ ነበር። ጎረቤት የሚያውቀው ግን የሚያገኘውን ሰው ብቻ ነው።

በሌላ ፕሮጀክት ላይ ሳለሁ፣ እዚሁ ሐዋሳ በአሞራ ገደል አቅራቢያ ለእርዳታ የተመረጡትን ሰዎች ስም ለማጽደቅ እሁድ ረፋድ ላይ ስብሰባ ጠራን። የእድር ዳኞችና ሽማግሌዎች ተገኙ፤ ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሬ ፈረምኩ። ከሳምንታት በኋላ ሐይቁ ዳር ዓሣ እያጸዳች ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት አገኘሁ። እሁድ እንግዳ የሚበዛበት ዋና የሥራ ቀኗ ነው። መዋጮ መክፈል ስላቃታት ከእድር ወጥታለች፤ የምትኖረው በደባልነት ስለሆነ የቀበሌ መታወቂያ አላወጣችም። ማንም ሳያዳላባት፣ ማንም የእሷን ድርሻ ሳይወስድ፣ ከዝርዝሩ ቀረች። እኛ ስንጠብቅ የኖርነው ዘመዱን የሚያስገባ ኮሚቴ ነበር፤ እሱም አለ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለውን መቅረት ለማየት ዘግይቼአለሁ።

በኢንዶኔዥያ በ640 መንደሮችና ሰፈሮች የተደረገ ጥናት ነዋሪው ራሱ ሲመርጥ፣ በንብረት መመዘኛ ከሚደረገው ምርጫ አንጻር፣ በፍጆታ የተለካውን ድህነት በመለየት ጥቂት ቢያንስም፣ ሕዝቡ በውጤቱ የበለጠ እንደረካ አሳይቷል። ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ፣ ስብሰባው እየረዘመ ሲሄድ መጨረሻ ላይ በሚመዘኑት ቤተሰቦች ላይ ስህተቱ መብዛቱ ነው፤ ተሰብሳቢው ሲደክም የሚጎዳው ተራው ያልደረሰው ነውና። ስለዚህ ስብሰባውን አሳጥሩት፤ ስሞቹም የሚጠሩበት ተራ በዕጣ ይሁን።

ቅሬታ ሰሚው ከመራጮቹ መካከል እንዳይሆን አጥብቃችሁ ተከራከሩ፤ በቃል የቀረበ አቤቱታም ይመዝገብ፣ መጻፍ የማይችል ብዙ ነው። ዝርዝሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ የቀን ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ምሽቶች፣ በየግቢው ዙሩ፤ አከራዮችን በጓሮ ክፍሎቻቸው ማን እንደሚኖር ጠይቁ፤ ከዚያም በሩን አንኳኩታችሁ ተከራዩን ራሱን አነጋግሩት።