የቅንጡ መኪና ፍሬን በጣርማ በር ቁልቁለት፦ ስለ ዕድሜውና ስለ ዋጋው

ከደብረ ብርሃን ጥያቄ ያቀረቡት ወንድማችን ያገለገለ ፖርሼ ካየን ቱርቦ ሊገዙ እንደሆነ፣ መኪናው ቢጫ ካሊፐር (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጨቁነው ክፍል) ያለው የሴራሚክ ፍሬን እንደተገጠመለትና ሻጩም «ይህ ፍሬን ዕድሜ ልክ ነው» እንዳላቸው ጠቅሰዋል። በየሳምንቱ ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሰው አባባሉ እውነት መሆኑን፣ መቀየር ቢያስፈልግ ወጪው ስንት እንደሚደርስ፣ በብረት ዲስክ መተካት ይቻል እንደሆነም ጠይቀዋል። በባሕረ ሰላጤው አገር ጋራዦች የእንደነዚህ ያሉ መኪኖችን ፍሬን ስፈታና ስገጥም ዓመታት አሳልፌ፣ አሁን በዚሁ ሙያ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለምሠራ፣ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ሻጩ የተናገረው በከፊል እውነት ነው። ፖርሼ ከ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ 911 በተባሉት የስፖርት መኪኖቹ ላይ ያወጣው ይህ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው የፍሬን ክብ) የካርቦን ጭረትና ሲሊከን ካርባይድ ተዋሕደው የተሠራ ነው፤ ክብደቱ ከብረቱ ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ዝገት አይነካውም፣ በከተማ አነዳድም ገጹ በጣም በዝግታ ነው የሚበላው። በሜዳ አውራ ጎዳና የሚነዱ መኪኖች በመጀመሪያ ዲስካቸው ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄዱ አይቻለሁ። ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ ግን እንደማንኛውም ሸራ ያልቃል፤ «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቃል እሱን አይጨምርም። ዲስኩም ቢሆን ያልቃል፤ የሚያልቅበት መንገድ ግን ከብረት ይለያል። የብረት ዲስክ ዕድሜ በውፍረቱ ይለካል፤ የሴራሚክ ዲስክ ዕድሜ ግን በዋናነት የሚለካው በክብደቱ ነው፤ ምክንያቱም በተደጋጋሚ ከልክ በላይ ሲግል በውስጡ ያለው ካርቦን ቀስ በቀስ ይቃጠላል፣ ውፍረቱ ሳይቀንስም ዲስኩ ይቀላል። ዝቅተኛው የተፈቀደ ክብደት በመካከለኛው የብረት ክፍሉ ላይ ተቀርጿል። ስለዚህ በካሊብሮ ለክቶ «ገና አዲስ ነው» የሚል መካኒክ፣ ቅን ቢሆን እንኳ፣ የነገረዎት ነገር የለም፤ ዲስኩ ወጥቶ፣ ተጠርጎ፣ በትክክለኛ ሚዛን መመዘን አለበት።

የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው ግን የኪሎ ሜትር ቁጥር ሳይሆን ሙቀት ነው። ፍሬን የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም። በጣሊያን ጊዜ ከተቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ካለው ቦታ ተነሥተው፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ፣ መኪናው ወደ 1,700 ሜትር ያህል ይወርዳል። ተሳፋሪና ጭነት ተጨምሮ 2,500 ኪሎ ግራም የሚሆን መኪና በዚህ ውረድ የሚለቀው ጉልበት 41 ሜጋ ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ይኸው መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ አንድ ጊዜ ሲቆም የሚለቀው ደግሞ አንድ ሜጋ ጁል እንኳ አይሞላም። ጎማና አየር የሚወስዱትን ሳንቀንስ ብናሰላው፣ በሞተር ሳይታገዝ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በድንገት አርባ ጊዜ ያህል ደጋግሞ እንደማቆም የሚቆጠር ሥራ በአንድ ጉዞ ፍሬኑ ላይ ይጭናል። በጭነት መኪና ኋላ ተይዞ በዝግታ መውረድም ፍሬኑን አያሳርፍም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት አየሩ መኪናውን ብዙም አይገታም፣ ዲስኩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። እነዚህ ፍሬኖች የተሠሩት በፍጥነት ሲነዱ አየር እንዲያገኙ ተደርጎ ነው።

በዚህ ምክንያት አምራቾችና ሻጮች የሚጠቅሱት የኪሎ ሜትር ግምት እዚህ አይሠራም። በብረት ዲስክ ላይ ያለ የኃይለኛ መኪና ሸራ በሜዳ መንገድ ከ30 እስከ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ይህን ቁልቁለት በየሳምንቱ በሚወርድና በፍሬን ብቻ በሚነዳ ሰው እጅ ግማሹን ከሄደ ደህና ነው እላለሁ። ዲስኩም ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ሸራ ያልቃል፤ ቀዳዳ ያለው ዲስክ ከሆነ ሳይሳሳም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ሊጀምር ይችላል። ከፍጥነት ላይ ሲይዙ መሪው የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ሰው «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጋለ ዲስክ ላይ ፍሬን ረግጠው ሲቆሙ ሸራው በአንድ ቦታ ተለጥፎ የቀረ ነው። ወደ ቶርኖ ቤት ከመሄድ በፊት ይህን ማጣራት ይገባል፤ የሴራሚክ ዲስክማ ፈጽሞ ቶርኖ አይገባም።

ለሴራሚኩ ሌላው ጠላት ጎሚስታ ነው። በዚህ አልቀልድም። ሴራሚክ ሙቀትን ይችላል፣ ጫፉ ላይ መመታትን ግን አይችልም፤ ጎማ ሲፈታ ቸርኬው ተንሸራቶ የዲስኩን ጠርዝ ቢነካው ይፈነቀላል፤ ጉዳቱ ከተፈቀደው መጠን ካለፈም ዲስኩ ይጣላል። ለዚህ ነው ከመኪናው ጋር በቡሎኑ ቀዳዳ የሚገቡ መሪ ዘንጎች የሚሰጡት፤ ባገለገለ መኪና ላይ ግን እነሱን ማግኘት ብርቅ ነው። ከአስፋልት በወጡበት ሁሉ በቸርኬና በካሊፐር መካከል የሚገባው ጠጠርም እንዲሁ ያደርጋል። አውሮፓውያን ይህን ዲስክ ከሚወዱበት ምክንያት አንዱ በክረምት መንገዳቸው ላይ በሚበተነው ጨው አለመዛጉ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ጨው በመንገድ ላይ አይበተንም፣ ስለዚህ በዚህ ጥቅም የምናገኘው ነገር የለም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ አራቱም የሴራሚክ ዲስኮች ከነሸራቸው በውጭ አገር በአምራቹ ወኪል ዘንድ ከ15 እስከ 20 ሺህ ዶላር ይደርሳሉ፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ገና አልተጨመረም። ብር ወደ ገበያ ተመን ከመግባቱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ዝቅተኛው መጠን 855 ሺህ ብር ነበር፤ ዶላር 100 ብር ሲደርስ ያው ዲስክ 1.5 ሚሊዮን ብር ሆነ፣ ተመኑም ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የምንገዛው አገር ውስጥ ያለውን ነው፤ መኪናው እያረጀ ዋጋው ሲቀንስ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ አይቀንስም። ሶማሌ ተራ በርካሽ የሚገኝ ሸራ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለዚህ ክብደትና ለዚህ ቁልቁለት ግን አልገጥመውም። የብረቱ ዲስክና ሸራ ከዚህ ወጪ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካየን ላይ የመጣ፣ ነጭ ካሊፐር ያለውና ብረቱ በተንግስተን ካርባይድ የተለበጠ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ፖርሼ ከተራው ብረት እስከ 30 በመቶ ይበልጥ ይቆያል ይላል፣ ዲስኩ ሲያልቅ ግን ዋጋው ከተራው ይከብዳል።

የትኛውም ቢገጠም ዕድሜውን የሚያረዝመው አወራረድ ነው። ማርሹን ወደ እጅ ምርጫ አዙረው ከዋሻው ሳይርቁ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያስገቡ፤ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፤ እግርዎን አስደግፈው አይውረዱ። የቁልቁለት መቆጣጠሪያ ቁልፍ እና ያስቀመጡትን ፍጥነት ጠብቆ መኪናውን የሚያስኬደው ሥርዓት ሁለቱም በፍሬን ይጠቀማሉና እነሱን ተማምነው ፍሬኑ አረፈ ብለው አያስቡ። ሸዋ ሮቢት ደርሰው በቀጥታ ላቫጆ አይግቡ፤ የጋለ የብረት ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ሊሰነጠቅ ይችላል። የፍሬን ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይፈላም፣ ውኃ የሳበ ግን 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ይሰምጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ጣርማ በርን ልትወርዱ ስትሉ ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አትሙሉት፤ የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ጉልበት መቀበያ ስለሌለው ሥራው ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ፣ በብረት መተካት ይቻላል፤ ብዙ ባለቤቶችም ያደርጉታል። የዲስኩ ስፋትና ውፍረት ከካሊፐሩ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ሸራው የግድ አብሮ ይቀየራል፣ የሴራሚክ ሸራ በብረት ዲስክ ላይ አይሠራምና። በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ በዋጋ ሳልስማማ አራቱም ጎማዎች እንዲፈቱ እጠይቃለሁ፤ ካሊፐሩ በቀለም ብቻ ቢጫ የሆነ መኪና አጋጥሞኛልና ዲስኩ ራሱ ሴራሚክ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ጠርዙን በመብራት አያለሁ፣ አስመዝናለሁ፣ የሸራ ማስጠንቀቂያ ሽቦው መብራቱ እንዳይበራ እርስ በርሱ ተቋጥሮ እንዳይሆንም እፈትሻለሁ። ዲስኩ ወደ ዝቅተኛው ክብደት ከቀረበ ሙሉ ወጪውን ከዋጋው አስቀንሳለሁ። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ አውጥቼ በሣጥን ጠቅልዬ አስቀምጠውና ለጣርማ በር ብረት እገጥማለሁ፤ መኪናውን ስሸጥ ዋናው ዲስክ ከነክብደቱ ለገዢው ይቀርባል።