ረጅም ሻክል ከማስገጠምህ በፊት ሜትር አውጣ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የድሮ ጥያቄ ያነበብኩ መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ ላንድክሩዘር 75 አለህ። ፊቱም ኋላውም የተቀመጠው በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ ጎባጣ ብረቶች፣ ላይ ነው። ድንጋያማ መንገድ ላይ ሆዱ ይመታል፣ ኋላውም ወርዷል። ከፍ ልታደርገው ፈልገሃል፣ ግን ብሩ አይበቃም። አንዱ «ረጅም ሻክል አስገጥምና ተገላገል» ይልሃል፤ ሻክል የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጥንት) ጋር የሚያያይዘው ተወዛዋዥ ብረት ነው። ሌላው ብሎክ ይልሃል። ሦስተኛው ደግሞ «ጠብቀህ መኪናውን 4 ኢንች የሚያነሳውን ሙሉ ኪት ግዛ» ይልሃል።

እኔ ሦስቱንም አልመክርህም። እንዲህ የምለው ሁለቱን ሞክሬ ገንዘቤን ሁለቴ ስለከፈልኩ ነው።

መጀመሪያ ሜትር ያዝ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁም። ሁልጊዜ የምትጭነውን ዕቃ አታውርድ፤ ትርፍ ጎማው፣ የመፍቻ ሳጥኑ፣ ነዳጁ እንዳለ ይሁን። ከዚያ ከጎማው መሃል፣ ማለትም ከሀቡ እምብርት፣ ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲ ሽፋን) ከንፈር ድረስ ለካ። ከመሬት አትለካ። ከመሬት ከለካህ የጎማው ንፋስና መጠን ቁጥሩን ያበላሽብሃል። አራቱንም ለካና ጻፍ።

እኔ ስለካ የኋላው ግራ ከቀኙ በ3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ለዓመታት እየነዳሁት አላየሁትም! እኔ የፈለግኩት ጭማሪ 5 ሴንቲሜትር ነበር። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ጭማሪ ሳይሆን መኪናው ድሮ የነበረው፣ በእርጅና ያጣው ከፍታ ነው። ብዙ አሮጌ መኪና እንደዚህ ነው። ባለቤቱ «ይነሳልኝ» ይላል፣ መኪናው ግን «መልሱኝ» ነው የሚለው።

ሜትሩ ካልበቃህ ባሌስትራውን ተመልከት። ባዶ መኪና ላይ መሃሉ ወደ ላይ ተቀልብሶ ከሆነ አልቆለታል። ሻክሉንም እይ። ባሌስትራ ሲዘረጋ ይረዝማል፣ ሲረዝም ደግሞ ሻክሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሻክሉ ሊተኛ ከደረሰ ባሌስትራው ደክሟል ማለት ነው። በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኘው ዘንግ) እና ሻንሲው ላይ ባለው የላስቲክ ማቆሚያ መካከል ያለውን ክፍተትም እይ። ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ በየጉድጓዱ የምትሰማው «ጓ» የሚለው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አወቅህ።

አሁን ወደ ሻክሉ ልምጣ። የኔ የመጀመሪያ ስህተት እሱ ነበር። ሻክል የሚይዘው የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በ2 ኢንች ብታስረዝመው አክስሉ ላይ የምታገኘው ወደ 1 ኢንች ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰውየው «2 ኢንች» አለኝ፣ እኔም 2 ኢንች ጠበቅኩ። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ ስታንቀሳቅስ ባሌስትራው ያዘነብላል፣ አክስሉም አብሮት ይዞራል። ከፊት አክስሉ ሲዞር ካስተር የሚባለው የመሪ ማዕዘን ይለወጣል። ሻክሉ ከባሌስትራው ፊት ነው ወይስ ኋላ በሚለው ላይ ተመሥርቶ ወይ ይቀንሳል ወይ ይጨምራል። የኔ ቀነሰ። ኩርባ ጨርሼ መሪውን ስለቀው በራሱ አይመለስም። ቀጥ ባለ መንገድ ደግሞ ዓይኔን ለአፍታ ካነሳሁ መኪናው ወደፈለገበት ይሄዳል። አንድ ሳምንት «እለምደዋለሁ» ብዬ ነዳሁት። አይለመድም።

ሻክሉን የሠራልኝ ጋራዥ ደግሞ ሁለት አጫጭር ብረቶችን በብየዳ ቀጥሎ ነበር ያስረዘመው። እኔም ዝም ብዬ ከፈልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ካየህ አትቀበል። መኪናህ በአራት ጥግ የተንጠለጠለው በዚያ ብረት ነው።

ብሎክ ከአክስሉና ከባሌስትራው መካከል የሚገባ የብረት ጡብ ነው። ከፊት በጭራሽ አታስገባ፤ መሪ ያለበት አክስል ላይ ቦታ የለውም። ከኋላ አጠር ያለ፣ አንድ ወጥ የሆነ፣ መሃሉ ላይ የባሌስትራው መሃል ቡሎን የሚቀመጥበት ቀዳዳ ያለው ብሎክ ቀላል ጭነት ለሚይዝ መኪና ሊሆን ይችላል። ሁለት ደራርቦ ማስገባት ግን እብደት ነው። አክስሉ ፍሬን ስትይዝና ነዳጅ ስትረግጥ መዞር ይፈልጋል። ብሎኩ ረጅም በሆነ ቁጥር ባሌስትራውን የሚጠመዝዝ ማንሻ ይሆንለታል። ደግሞም የደከመ ባሌስትራ ብሎክ ስለተጨመረበት አይጠነክርም። ስትጭነው መልሶ ያው ይተኛል፣ ልዩነቱ ከፍ ብሎ መተኛቱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ብረት ባሌስትራው ውስጥ ማስገባትን አልንቅም። ከርካሾቹ መንገዶች ውስጥ ጉልበት የሚጨምር እሱ ነው። ኋላው ትንሽ ብቻ ወርዶ፣ የቀሩት ብረቶች ስንጥቅ ከሌለባቸው፣ አድርገው። ጉዞው መጎርበጡ አይቀርም፤ ባሌስትራው ስለሚጠነክር። አሮጌውን በመዶሻ እንደገና ማጉበጥም አለ። ለጊዜው ያምራል። ብረቱ ከደከመ ግን ተመልሶ ይዘረጋል። በእሳት አግሎ የሚያጎብጥ ካጋጠመህ ተወው፤ ባሌስትራን ባሌስትራ ያደረገው በሙቀት የተሰጠው ጥንካሬ ነው፣ ያንን ያጠፋዋል።

ባለ 4 ኢንቹን ኪት በተመለከተ፣ ዋጋው ኪቱ ላይ አያበቃም። በዚያ ከፍታ የካርዳኑ (ኃይል ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) ማዕዘን ይሰፋና መጋጠሚያው፣ ክሮቼራው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ይበላል። መሪው፣ የፍሬን ቱቦው፣ ሁሉም ነገር ያጥራል። የመኪናው ክብደት ወደ ላይ ይወጣል፣ ተዳፋት ላይ በጎን መገልበጥ ይቀለዋል። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ይመጣል። ጠባብ ኪስ ይዞ የሚገባበት አይደለም። ቦዲውን ብቻ ከሻንሲው የሚያነሳውን ነገር ደግሞ እርሳው፤ የሚመታው ሆድ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከመጀመሪያው ቁመት በ2 ኢንች ገደማ ከፍ የሚል፣ በመኪናህ ክብደት የተመረጠ አዲስ ባሌስትራ። «በክብደት የተመረጠ» የምትለዋን አስምርባት። ሻጩ ስንት ኪሎ ሁልጊዜ እንደምትጭን ካልጠየቀህ አንተ ንገረው። ሁልጊዜ የምትሸከመውን ቁጠር፦ የብረት ባምፐር፣ ዊንች፣ የጣሪያ ፖርታፓኮ፣ ሁለተኛ የነዳጅ ታንከር። በዓመት ሁለቴ የምትጭነውን አትቁጠር። «ለማንኛውም ጠንካራውን» ብሎ የከባድ ጭነት ባሌስትራ ያስገባ ወዳጅ አለኝ። ባዶውን ሲነዳው ኋላው እንደ ፌንጣ ይዘላል። የወገቡን ነገር ባይነሳ ይሻላል።

ገንዘቡ ለአራቱም ካልበቃ ሁለቱን የኋላ ብቻ አሁን ቀይር፤ የወረደው እሱ ነው ብለሃልና። ግራና ቀኙን ግን ለይተህ አትቀይር። የደከመና አዲስ ባሌስትራ አንድ አክስል ላይ ከተገናኙ መኪናው አጋድሎ ይቆማል።

ሾክ አብዞርበር መኪና አያነሳም። ሥራው የባሌስትራውን ውዝዋዜ ማቆም ነው። ግን ቁመቱ መመጠን አለበት። አዲሱ ባሌስትራ ሲገባ አክስሉ ወደ ታች የሚንጠለጠልበት ርቀት ይጨምራል፤ አሮጌው ሾክ አጭር ከሆነ የአክስሉን ክብደት ሁሉ እሱ ይይዝና ይበጠሳል። በጣም ረጅም ከገዛህ ደግሞ መኪናው ሲወርድ የላስቲክ ማቆሚያው ሳይነካ ሾኩ ራሱ ይዘጋል፣ ከውስጥ ይሰበራል። ባሌስትራው ከገባ በኋላ ለክተህ ግዛ።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማያወራበት ነገር ላውራ።

ባሌስትራውን ያስገባን ዕለት ሻንሲውን ደግፈን አክስሉን በክሪክ ቀስ እያልን አወረድነው። እኔ ከታች ተኝቼ በባትሪ እያየሁ ነበር። ጎማው ገና ተንጠልጥሎ ሳይጨርስ ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው የፍሬን ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። በጣቴ ነካሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ያንን ሳላይ ብሄድ ኖሮ፣ አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ በተንጠለጠለበት ቀን ቱቦው ተበጥሶ ፍሬን የለኝም ነበር። በረጅም ቱቦ ቀየርነው። አንተም አክስሉን እስከ መጨረሻው አውርደህ ሁሉንም ቱቦና ገመድ እይ። የእጅ ፍሬኑን ገመድና የዲፈረንሻሉን (አክስሉ ላይ ያለው የጥርስ ሳጥን) የአየር መተንፈሻ ጭምር።

ኋላ አክስሉ አካባቢ በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ ካለህ እሱንም አትርሳ። ያ ቫልቭ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት ነው የሚያነበው። ርቀቱ ሲሰፋ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ ያስብና ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። መኪናውን አንስተህ ዘንጉን ካላስተካከልክ፣ ሙሉ ጭነት ይዘህ እንኳ የኋላው ፍሬን ሰነፍ ይሆናል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የዘንጉን መያዣ ባነሳኸው ልክ ማስተካከል። ብዙ ጋራዥ ግን አይነካውም፣ ስለዚህ ራስህ አስታውስ።

ከዚያ ጎሚኒው፣ ማለትም የባሌስትራውና የሻክሉ ቡሎኖች የሚያልፉበት ላስቲክ። አሮጌ ጎሚኒ ላይ አዲስ ባሌስትራ ማሰር በቀዳዳ ካልሲ አዲስ ጫማ ነው። ሁሉንም ቀይር። አሁን የምልህን ለሜካኒኩ ሳይሰለችህ ድገምለት፦ የሻክሉና የባሌስትራው ዓይን ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ ትንሽ ወዝወዝ ከተደረገ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ሳለ ካጠበቃቸው ጎሚኒው በተንጠለጠለበት ሁኔታ ይቆለፋል። ስታወርደው ይጠመዘዛል፣ ሲጠመዘዝ ይቀደዳል፣ መኪናውም የሚገባውን ቁመት አይይዝም። የኔው ሜካኒክ «ምን ለውጥ አለው» ብሎ ሳቀብኝ። ፈቶ እንደገና ሲያጠብቀው ኋላው በዓይን በሚታይ ልክ ዝቅ አለ፣ ሜካኒኩም ዝም አለ። (የግራሶ መግቢያ ላላቸው ጠንካራ ጎሚኒዎች ይህ አያስፈልግም።)

አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት በዩ ቅርጽ የታጠፉት ቡሎኖች ሲጠብቁ ይለጠጣሉ። አሮጌዎቹን መልሰህ አትሰር፣ አዲስ ግዛ፤ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ምንም አይደሉም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና አጥብቃቸው። ሲላሉ የባሌስትራው መሃል ቡሎን ይቆረጣል፣ አክስሉም ከቦታው ይሸሻል።

ስለ ጎማም አንድ ነገር። ባሌስትራ የሚያነሳው ሻንሲውንና ቦዲውን ነው። ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በጭማሪው ግማሽ። ከ235/85R16 ወደ 255/85R16 ብትሄድ የጎማው ቁመት ወደ 34 ሚሊሜትር ይጨምራል። ዲፈረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው በ17 ብቻ ነው። በምላሹ መኪናው ይከብደዋል፣ የፍጥነት መለኪያው ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል፣ ቸርኬህም ስፋቱ ለዚያ ጎማ መስማማት አለበት። አሁን ያለህ ጎማ ካላለቀ ተወው። የሚመታብህ ዲፈረንሻሉ ነው ወይስ ሻንሲው? ከታች ገብተህ የተፋቀውን እይ። ሻንሲው ከሆነ ባሌስትራው ይበቃሃል።

ሥራው ሲያልቅ ፊቱንም ነክተህ ከሆነ ካስተሩን አስለካ። ከጎደለው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ሾጣጣ ብረት ይመልሰዋል። መብራቱንም ዝቅ አድርገህ አስተካክል። አለዚያ ማታ ከፊትህ የሚመጣው ሁሉ ሲረግምህ ያድራል።

አራቱን ቁጥሮች ለክተህ ጻፍልኝ። የኋላ ሻክሉን ከጎን ፎቶ አንስተህ ጨምር፣ ሁልጊዜ የምትጭነውንም በኪሎ ንገረኝ። ያኔ የትኛውን ባሌስትራ እንደምትጠይቅ አብረን እናያለን።