ያው ቃል በአንቴና ያስቀጣል፣ በኬብል ያልፋል፦ ጥያቄና መልስ

ከልጆቻችሁ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣችሁ፣ ድንገት በተባለ ቃል ደንግጣችሁ ሪሞት ፍለጋ ሶፋ የገለበጣችሁበት ቀን ሳይኖር አይቀርም። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአካባቢ ጣቢያ ማስተር ኮንትሮል ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ግማሹ ሥራዬ ማስታወቂያ በሰዓቱ መግባቱን ማየት ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ጣቴን ድምፅ ማጥፊያው ላይ አድርጎ መጠበቅ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ግን ጠይቁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነህ? ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኬብል ላይ ፊልም እያየን በ«ኤፍ» የሚጀምረው ቃል እንደ ውሃ ሲፈስ ሰማን። ኤቢሲና ሲቢኤስ ላይ ግን አንዲት ቃል ስታመልጥ «ቢፕ» ትደረጋለች። ሕጉ ለሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ሪሞቱም ስክሪኑም አንድ ስለሆነ ነው አንድ የሚመስለው። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲና ፎክስ ፕሮግራማቸውን በየከተማው ባሉ ጣቢያዎች በአየር ሞገድ ይለቃሉ። ሞገዱ የሕዝብ ሀብት ስለሚባል ጣቢያው ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ከኤፍሲሲ፣ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱንም በየ8 ዓመቱ ያሳድሳል። ፈቃድ የያዘ ሰው የሚያጣው ነገር አለው፣ ስለዚህ ይፈራል። ኬብል ግን ከፍለሽ ያስገባሽው ነው፤ ካልፈለግሽ ታስቆርጪዋለሽ። በዚህ ምክንያት ኤፍሲሲ የነውር ደንቡን በኬብልና በሳተላይት ቻናሎች ላይ አያስፈጽምም። ሕጉ «ምን ተባለ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «በየት በኩል ቤት ገባ?» ብሎም ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ አለ፦ ኤቢሲን በኬብል ብታዪውም የጣቢያው ግዴታ አይቀርም፤ ያው ፕሮግራም በአየርም እየተለቀቀ ነዋ።

ጥያቄ፦ «ነውር» የሚባለው ምኑ ነው? ስድብ ሁሉ ነው?

መልስ፦ የሚከለከለው ሦስት ዓይነት ነው፤ በአማርኛ እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ። አንደኛው ልቅ ወሲብ ነው። እሱ መቼም፣ የትም፣ ኬብል ላይም ቢሆን ክልክል ነው። መለኪያውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በሚለር ጉዳይ አስቀምጦታል፦ ተራው የአካባቢው ሰው ሲያየው በጥቅሉ የወሲብ ስሜት ለመቀስቀስ የተሠራ፣ ድርጊቱን በግልጽ በሚያስከፋ መንገድ የሚያሳይ፣ የጥበብም የሥነ ጽሑፍም የፖለቲካም የሳይንስም ቁም ነገር የሌለው ከሆነ። ሦስቱ ካልተሟሉ ነገሩ አይያዝም። ሁለተኛው ነውር ነው፤ ወሲብን ወይም መጸዳዳትን በሚያስከፋ አኳኋን መግለጽ። ሦስተኛው ጸያፍ ቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚከለከሉት በአየር ስርጭት ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆች ተኝተዋል ተብሎ ይታሰባል። የኔዎቹን ያዩ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አባቴ ስለ «ሰባቱ ቃላት» ሲያወራ እሰማለሁ። እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

መልስ፦ ሁለቱንም ነው። ጆርጅ ካርሊን የሚባል ኮሜዲያን ነበር፤ ቴሌቪዥን ላይ ፈጽሞ አይባሉም የሚላቸውን ሰባት ቃላት እየደጋገመ ይቀልድባቸዋል። ኦክቶበር 30 ቀን 1973፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ደብሊውቢኤአይ የተባለ የኒውዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ አንዱን ቀልዱን ለቀቀው። ጣቢያው አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ሆኖ የሰማ አንድ አባት ግን ለኤፍሲሲ አቤት አለ። ኤፍሲሲ ገንዘብ አልቀጣም፤ ውሳኔውን ከጣቢያው የፈቃድ ፋይል ጋር አያያዘው። ይህ ለጣቢያ ከገንዘብ ይልቅ ያስፈራል። የጣቢያው ባለቤት ፓሲፊካ ፋውንዴሽን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ1978 ተረታ፤ 5 ለ 4።

ዳኛ ስቲቨንስ የሰጡት ምክንያት ሁለት ነው። ብሮድካስት ሳይጠሩት ቤት ይገባል፤ ማንበብ ያልጀመረ ሕፃንም ይሰማዋል። ነውሩን ደግሞ ሳሎን ከገባ አሳማ ጋር አመሳሰሉት፤ በረቱ ውስጥ ቢሆን ማንም ምንም አይለውም። አሳማ ለማናረባው ለኛ ምሳሌው ይከብዳል፤ በሬ ሳሎን ገባ ብላችሁ ውሰዱት። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሁለቱም ምክንያቶች ስለ ቃሉ ክፋት አይደሉም፤ ስለ አገባቡ ናቸው። ኬብልን ያስመለጠውም ይኸው ነው። ኬብልን በር ከፍተህ፣ ሂሳብ ከፍለህ ነው የምታስገባው።

ጥያቄ፦ ቅጣቱ ስንት ነው? የጃኔት ጃክሰን ነገርስ ምን ሆነ?

መልስ፦ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2004፣ ሂውስተን፣ የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) የእረፍት ሰዓት ትርኢት። ዘፋኙ ጀስቲን ቲምበርሌክ የዘፋኟን የጃኔትን ልብስ ሲስበው ጡቷ ታየ፤ የታየው ለ9/16 ሰከንድ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አቤቱታ ጎረፈ፤ ኤፍሲሲም ሲቢኤስን 550,000 ዶላር ቀጣው። ከዓመታት ክርክር በኋላ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ሲል ነገሩ አበቃ። ይሁንና ኮንግረስ እስኪያበቃ አልጠበቀም፤ በ2006 በጸደቀ ሕግ ለአንድ ጥፋት ከ32,500 ዶላር የማያልፈውን ጣሪያ አሥር እጥፍ፣ 325,000 ዶላር አደረሰው።

ለቲቪ ኔትወርክ ይህ የቡና ዋጋ ነው። ለትንሽ ከተማ ጣቢያ ግን የሰው ደመወዝ ነው። በ2015 ሮኖክ፣ ቨርጂኒያ ያለ አንድ ጣቢያ በምሽት 12 ሰዓት ዜናው ላይ፣ በስክሪኑ ጠርዝ፣ 3 ሰከንድ ለማትሞላ የወሲብ ምስል 325,000 ዶላር ተጠይቋል። ሳያዩት ያመለጠ ነው ብሎ ተከራክሯል። ያን ሳምንት የኛ ኤዲተሮች እያንዳንዱን ምስል በአጉሊ መነጽር ሊያዩ ምንም አልቀራቸውም።

ጥያቄ፦ ቀጥታ ስርጭት ላይ እንግዳው ሳያስበው ቢያመልጠውስ? ጣቢያው ምን አደረገ?

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ አሥር ዓመት ተሟግተዋል። በ2003 ጎልደን ግሎብስ በተባለው የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ ዘፋኙ ቦኖ ሽልማቱን ሲቀበል በ«ኤፍ» የምትጀምረውን ያቺኑ ቃል ለደስታው ማጠናከሪያ አደረጋት። የኤፍሲሲ ሠራተኞች መጀመሪያ «ቃሉ እዚህ ቅጽል ነው፣ ወሲብን አልገለጸም» ብለው አለፉት። ሰዋስው ያዳነው ብቸኛው ስድብ ሳይሆን አይቀርም። በ2004 ግን ኮሚሽነሮቹ ገለበጡት፦ አንዴም ብትባል ነውር ናት አሉ። ፎክስም ዘፋኟ ሼርና የቴሌቪዥን ታዋቂዋ ኒኮል ሪቺ በቢልቦርድ የሙዚቃ ሽልማት ላይ በተናገሩት ተያዘ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፍሲሲ አቋሙን መለወጥ ይችላል አለ፤ በ2012 ግን ጣቢያዎቹ አስቀድሞ በግልጽ ሳይነገራቸው ሊቀጡ አይገባም ብሎ ነፃ አወጣቸው። የነውር ደንቡ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለውን ግን ሳይነካ አለፈው።

መፍትሔው ማዘግየት ነው። «ቀጥታ» የምትሉት ብዙ ጊዜ 5 ወይም 7 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ፤ ያቺ ክፍተት የኔ እንጀራ ነበረች። አንድ ጊዜ ከስታዲየም ውጭ የሰከረ ደጋፊ ማይኩን ቀማ። ደንግጬ ቁልፉን ዘግይቼ ተጫንኩ፤ ስድቡ አለፈ፣ የጠፋው «እማዬ እወድሻለሁ» ያለው ነው።

ጥያቄ፦ ኬብል ነፃ ከሆነ ለምን ብዙዎቹ ቻናሎች ራሳቸው ቢፕ ያደርጋሉ?

መልስ፦ ለገንዘብ። የሳሙናና የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ከስድብ አጠገብ እንዲታይ አይፈልግም። ኤችቢኦ ከ1972 ጀምሮ ከደንበኛው ኪስ በቀጥታ ስለሚበላ የፈለገውን ያስብላል፤ በማስታወቂያ የሚኖረው ቻናል ግን ምን ቃል በስንት ሰዓት ይባል የሚለውን ራሱ ይወስናል። በየቻናሉ ይህን ብቻ የሚሠራ ክፍል አለ። ለአንድ ቃል ስክሪፕት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አይቻለሁ፣ ሕግ የሚባል ነገር ሳይነሳ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ኬብሉንም ልቆጣጠር ብሎ አያውቅም?

መልስ፦ ሞክሯል። በ1996 የወጣው የቴሌኮም ሕግ የወሲብ ቻናሎች ምስላቸውን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈኑ በሌሊት ብቻ ይሰራጩ ይል ነበር። ፕሌይቦይ ከሰሰ፤ በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ሕጉን ጣለው። ምክንያቱ፦ ቻናሉን የማይፈልገው ቤተሰብ ጠይቆ ማዘጋት ከቻለ፣ ለሁሉም መዝጋት ምን ያስፈልጋል የሚል ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ የአማርኛ ሬዲዮ ላይ ብንሰደብስ? ፈረንጁ አይገባውም እኮ!

መልስ፦ ይህን የጠየቅከው ወንድሜ፣ ሰዓት የተከራየህ ትመስላለህ። ብዙ የአማርኛ ፕሮግራሞች ከአንድ ኤኤም ወይም ኤፍኤም ጣቢያ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ተከራይተው ነው የሚተላለፉት። ፈቃዱ የአከራዩ ነው፤ ጥፋቱም ወደሱ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ በውሉ መሠረት አንተን ያባርርሃል። ቋንቋ አያድንም። በ2013 ሊበርማን የተባለ የስፓኒሽ ብሮድካስተር በስፓኒሽ ቶክ ሾው ምክንያት 110,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። አቤቱታውን ካቀረቡት አንዱ የስፓኒሽ ተናጋሪው ማኅበረሰብ የራሱ የሚዲያ ተሟጋች ድርጅት ነበር። የአማርኛህንም አቤቱታ የሚጽፈው ፈረንጅ አይሆንም፤ የታክሲ ሹፌሩ ነው።

ሰምና ወርቅም ሁልጊዜ አያስመልጥም። ኤፍሲሲ በ2001 ባወጣው መመሪያ፣ አሽሙሩ የወሲብ ትርጉሙ ከማያጠራጥር ነውር ሊባል ይችላል ብሏል፤ ወርቁ ፍንትው ብሎ ከታየ ሰሙ ምን ይሸፍናል? የሚገርመው የተገላቢጦሹ ነው። የኛ አገር ከባድ ስድብ ዘር ቆጥሮ፣ አባት ጠርቶ ነው የሚያቆስለው፤ እርግማኑም አጥንት ይሰብራል። ወሲብም መጸዳዳትም ስለሌለበት ግን በዚህ የነውር ደንብ አይያዝም። አያቴ በአንድ ደቂቃ ሰፈር የሚያስለቅስ እርግማን ትለቅ ነበር፤ ኤፍሲሲ አንድ ሳንቲም አያስከፍላትም።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብና ከኢትዮጵያ በሳተላይት የሚመጡ ቻናሎችስ?

መልስ፦ ዩቲዩብና ስትሪሚንግ በዚህ ደንብ አይገዙም። አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ያወጣ ቻናል ደግሞ ተጠሪነቱ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ተመልከቱ (ይሄ 2013 የኛ አቆጣጠር ነው)።

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ ምን ላድርግ? ኬብሉን ላስቆርጥ?

መልስ፦ አትቸኩል። ከ2000 ጀምሮ እዚህ የሚሸጥ፣ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ቪ-ቺፕ የሚባል የፕሮግራም ማገጃ አለው። ሴቲንግ ገብተህ የሚስጥር ቁጥር ታወጣለህ፤ ከዚያ በደረጃ ትዘጋለህ። ቲቪ-14 ከ14 ዓመት በታች ላሉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቲቪ-ኤምኤ ለአዋቂ ብቻ። ከደረጃው ሥር «ኤል» የምትል ፊደል ካየህ የስድብ ቋንቋ አለበት ማለት ነው። ዜናና ስፖርት ግን ደረጃ አይሰጣቸውም፤ ቪ-ቺፑ አያግዳቸውም። የኬብል ሳጥኑም የራሱ መቆለፊያ አለው፤ ኩባንያው ቻናል መቆለፊያ እንዲያቀርብ በሕግ ይገደዳል። ቁጥሩን ግን የትልቁን ልጅህን የልደት ዓመት አታድርገው፤ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ አቤቱታ ማቅረብ ብፈልግ ይሰሙኛል?

መልስ፦ ስለ አየር ስርጭት ከሆነ አዎ። ኤፍሲሲ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን አያይም፤ አስቀድሞ ሳንሱር ማድረግም በሕግ ተከልክሏል፤ አቤቱታ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጣቢያውን መጠሪያ ፊደላትና የተባለውን ቃል እንዳለ ጻፊ። «በጣም ያሳፍራል» ብቻ ብለሽ ከላክሽ የትም አይደርስም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ፦ በ11 ዓመት ከጣትህ ስንት ስድብ አመለጠ?

መልስ፦ ከዚያ ሰካራም ሌላ አንድ ብቻ። ሌሊት 7 ሰዓት፣ የድሮ ፊልም ድጋሚ ስርጭት ላይ፣ ሕጉ በሚፈቅደው ሰዓት ነበር። ማንም ለኤፍሲሲ አልጻፈም። ጠዋት አለቃዬ ጠርቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸብኝ፤ ከፊልሙ ቀጥሎ የገባው የአንድ ትልቅ ደንበኛችን የሕፃናት ዳይፐር ማስታወቂያ ነበር።