በሩ ለምን ተነቀለ?

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺን መኪና ልግዛት?» አለኝ። የ1967 ፖንቲያክ ጂቲኦ፣ ኮንቨርተብል፤ ጣሪያው የሚታጠፍ የአሜሪካ መኪና። እድሳቱ ተጀምሮ ያላለቀ። መነጽሬን አውጥቼ ፎቶውን አየሁት። ቦዲው ግራጫ ፕራይመር ተቀብቷል። ሞተሩ ከነሰማያዊ ቀለሙ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም በሮች ግድግዳ ተደግፈዋል።

«እደውልልሃለሁ» ብዬው ሄድኩ። ሦስት ቀን አልደወልኩለትም።

እኔ ሜካኒክ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ፊያት 600 ሥር ተኝቼ ነው። ያቺ ፊያት መጀመሪያ ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ነበር። የ67ቱ ጂቲኦ ሞተር 400 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ 6.6 ሊትር ገደማ። አሥር ፊያት አንድ ኮፈን ሥር ማለት ነው። ቨርጂኒያ መጥቼ ድምፁን ስሰማ ልቤ ሄደ። ከ67ቱ ሞዴል ጣሪያው የሚታጠፈው 9,517 ብቻ ነው የተሠራው። አንዱ ደረሰኝ።

እ.ኤ.አ. በ1998 በ3,200 ዶላር ገዛሁት። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ፈታሁት። መፍታት ይጣፍጣል። ብሎኖቹን በባዶ የቡና ጣሳ እየለየሁ በማርከር «የግራ በር»፣ «ራዲያተር» እያልኩ ጻፍኩባቸው። አዲስ አበባ ያስተማረኝ አለቃዬ ብሎን የጠፋበትን ተለማማጅ ምሳ ያስቀረው ነበር። ራሱ ግን ካቻቢቴውን የት እንዳስቀመጠ በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቀናል። ነፍሱን ይማረው።

ወለሉ በዝጎ አልቋል። የሸራ ጣሪያ ውሃ ያስገባል፤ እዚህ አገር ደግሞ በብርዱ ወራት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ስለዚህ ቦዲውን ከሻንሲው አንስቼ ፊትና ኋላውን እንጨት ላይ አሳረፍኩት። ወለሉን ልቆርጥ።

አብሮኝ የሚሠራ ባትላሜራ ነበር። «ጣሪያ የሌለው መኪና ወገቡን የሚይዘው ወለሉ ነው። ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት አግድመህ በየደው» ብሎኛል። አውቃለሁ አልኩት። ነገሩ ቅዳሜ ማታ ሆነ። ብረት መሸጫው ተዘግቷል፤ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነበረብኝ። ሞተር ያላቃተኝ ሰውዬ ላሜራ ያቅተኛል? ግራይንደሩን ሰካሁት።

እሁድ ማታ አዲሱን ወለል በይጄ ጨረስኩ። እንደ ጀማሪ ትንሽ ጎርበጥበጥ ይላል፣ ግን ኮርቼበታለሁ። የግራውን በር ሰቅዬ ስዘጋው ቋ ብሎ ተመለሰ። የላይኛው ጫፉ የኋላውን ላሜራ ይመታል። ክፍተቱን በጣቴ ለካሁት። ከታች አውራ ጣቴ ይገባል፤ ከላይ ጥፍሬም አይገባ። የመኪናው ወገብ ረግቧል። እኔ ደግሞ እንደረገበ በይጄ አጸናሁት።

በሮቹን ነቅዬ ግድግዳ አስደገፍኩ። ሸራ አለበስኩት። 9 ዓመት።

በ2007 የመጣው ገዢ ገና 22 ዓመት ቢሆነው ነው። ፒክአፕና ተጎታች ተውሶ መጣ። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ጽሑፉ የምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ደስ አለው። ከዚያ በሮቹን አየና «ለምን ነቀልካቸው?» አለኝ።

«ለቀለም» አልኩት።

ብሩን ቆጥሬ ተቀበልኩ። ከ7 ወር በኋላ ደወለ። በሮቹ አልገጥም ብለውታል። «ምናልባት እኔ ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። ራሱን ነበር የጠረጠረው። «እኔ ጋ እያለ ደህና ነበር» አልኩት። አመስግኖኝ ስልኩን ዘጋው። አመስግኖኝ!

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ስለ ገንዘቡ አልናገርም። የዛሬ ልጆች ግን አንድ ነገር አለባችሁ፤ ስምንት ወር የፈጀ ሥራ በ20 ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ትነሳላችሁ። ሰውዬው የተሳደበበት፣ የሰበረበት ተቆርጦ ወጥቷል። ይሄን ስል ደግሞ ያ ከቅዳሴ ስንወጣ ያገኘኝ ልጅ ትዝ ይለኛል። የሻንሲ ቁጥሩን አጣርቶ ነው የመጣው። በ67ቱ ላይ ቁጥሩ ያለው የሹፌሩ በር ማጠፊያ ምሰሶ ላይ ነው፤ በሩ ስለተነቀለ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ24267 ይጀምራል። 242 ጂቲኦ፣ 67 ደግሞ ኮንቨርተብል ማለት ነው። ተራ ሌማንስ፣ ማለትም ጂቲኦን የሚመስለውን ርካሹን ፖንቲያክ ገዝተው የጂቲኦ ምልክት የሚለጥፉበት ሞልተዋል። እኔ በእሱ ዕድሜ ቀለሙን አይቼ ነበር የምገዛው።

የተጀመረ መኪና አትግዙ። ሰው ያቆመው ያቃተው ቦታ ሲደርስ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም። ግን ይህን የምለው እኔ ነኝ? በእነዚያ 9 ዓመታት ማታ ማታ ሸራውን ገልጬ መሪውን ይዤ እቀመጥ ነበር። ባለቤቴ ቡና እዚያው ታመጣልኝ ነበር። አልቆጭበትም።

ከገዛችሁ ግን የባለቤትነት ወረቀቱ በሻጩ ስም ይሁን። የሁለቱንም በር ክፍተት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ በሜትር ለኩ፤ ግራና ቀኙ ካልተስማማ ቤታችሁ ሂዱ። በሩ ለምን እንደተነቀለ ጠይቁ። እንደ እኔ ቶሎ ከመለሰ ተጠራጠሩ። የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ያበላሻችሁትን ማስታወቂያው ላይ ጻፉት። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ዶላር ቢያስቀንስ ነው።

ትናንት ለልጁ ደወልኩለት። ቅዳሜ ሜሪላንድ አብረን እንሄዳለን። ሜትሩን እኔ እይዛለሁ ብዬዋለሁ። ሥሯ ገብቼ ወለሉን ማየት እፈልጋለሁ። የእኔ መኪና ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሄዷል፣ አላስታውሰውም። ብየዳዬን ግን አውቀዋለሁ።