ቤተኛ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? ስለ ባዕድ ከተማ ልብ ወለድ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰባሰብ ጥቂት አንባቢዎች አለን። ባለፈው ወሬያችን በባዕድ አገር ከተማ ኑሮ ላይ ስለሚጻፍ ልብ ወለድ ነበር። ዋሽንግተን 11 ዓመት ስለኖርኩ ጥያቄው ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። ጊዜ አጥሮን ያለፍናቸውንም ጨምሬ እነሆ።

እትዬ፣ የስደት ልብ ወለድ የእኛ ነገር ነው ወይ? እኛ የምናውቀው ቀያችንን ነው።

የእኛማ ነው! በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። ሰውየው የዘጌ ልጅ ነው። ጣና ዳር ተወልዶ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተምር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም የጎጃም ሰው ናቸው። ጣሊያን ማርኮ ወስዶ አስሯቸዋል። ከዚያ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን በዲፕሎማትነት ሠርተዋል። በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ግን የጻፉት ጎጃምን ነው። መንደሩን እንደዚያ አጥርቶ ያየው ርቆ የቆየ ዓይን ይመስለኛል።

ባይተዋር የነበረ ገጸ ባሕርይ ቤተኛ መሆኑን እንዴት ላሳይ? «አሁን ቤቴ መሰለኝ» ብዬ ብጽፍ ደረቀብኝ።

ይደርቃላ! ወደ እናትህ ቤት ተመለስና አስብ። እንግዳ ሲመጣ «ተቀመጥ፣ ብላ፣ ጠጣ» ይባላል እንጂ ማንም አይልከውም። ቤተኛው ግን ገና በር ላይ ሳለ «እስቲ ያን እንስራ አንሳልኝ» ይባላል። ሰው ቤተኛ የሚሆነው ሲጋበዝ አይደለም፤ ሲታዘዝ ነው።

እኔ በነበርኩበት ሕንፃ ፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሊፍት ውስጥ «ሃይ» ከመባባል አላለፍንም። አንድ እሑድ በራቸው ተከፍቷል፣ እሳቸው ወንበር ላይ ቆመዋል፣ መዶሻ በእጃቸው። ሲያዩኝ በጣታቸው ጠሩኝ። የመጋረጃውን ዘንግ አስያዙኝ። «እባክሽ» የለ፣ ምን የለ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ክንዴ ዝሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲጨርሱ «ነገ ሌላኛውን መስኮት» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። በዚያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተላክሁ!

ስለዚህ ስሜቱን ተወውና ትእዛዙን ጻፍ።

ናፍቆት ምን ያህል ይግባ?

እንደ ጨው። ደግሞ ትክክለኛው ናፍቆት ይሁን። «እንጀራ ናፈቀኝ» የምትል የዋሽንግተን ገጸ ባሕርይ ካየሁ መጽሐፉን እዘጋለሁ። እዚያ እንጀራ በየሐበሻው ሱቅ ይሸጣል። የሚናፍቀው የኩበቱ ጭስ ነው፤ አክንባሎው ሲነሳ ዓይን የሚያስለቅሰው።

የባልና ሚስትን መቀራረብ ያለ ብልግና፣ ግን ደግሞ ሳይሸፋፈን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል? ስጽፈው እኔው አፍራለሁ።

እህቴ፣ አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። እንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ አለን። እዚያ የተገናኙ ሁለት የጎጃም ሰዎች በ«አንቱ» ጀምረው የትኛው ቀን ላይ «አንተ» እንደተባባሉ ብቻ ብትከተዪ ግማሹ የፍቅር ታሪክ ተጽፎልሻል።

ሌላው እጅ ነው። የማውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ። እሷ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ታጸዳለች። ጠዋት እግሯ አብጦ ትመጣለች። እሱ ቢቸና እናቱ የእንግዳ እግር ሲያጥቡ እያየ ያደገ ነው። አንድ ቀን ውሃ አሞቀና ጫማዋን አወለቀላት። እሷ ግን ዓይኗ ሳፋው ላይ ነው፦ «አንተ! ሊጥ የማቦካበት እኮ ነው!» እየጮኸች እግሯን ግን አላወጣችም። ከዚህ በላይ ምን መኝታ ቤት ያስገባሻል?

ከደጀን ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም። ስለ ውጭ ከተማ ብጽፍ ውሸት አይሆንም?

ዘመድህን በደንብ ጠይቅ። «ኑሮ እንዴት ነው?» ካልከው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። «ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታበራው የቱን መብራት ነው?» በለው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። አንደኛው ሰዓት ነው። በእነሱ ብርድ ወራት ደብረ ማርቆስ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና የትናንቱ ሌሊት 5 ሰዓት ነው። እናት ቡና አፍልታ ስትደውል ልጅ በእንቅልፍ ዓይኑ ነው የሚያነሳው። ከዚህ ስንት ኩርፊያ ተወልዷል! ሁለተኛው «ክረምት» የሚለው ቃል ነው። ለእኛ ዝናብ፣ ጭቃና የሐምሌ ጉም ነው። የእነሱ በረዶ የሚወርደው እኛ እህል ስንወቃ ነው። «በክረምቱ በረዶ» ብለህ ዝም ብለህ ካለፍክ አንባቢህ እዚሁ ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ይቀራል።

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ናት። የእሷን ዓይነት ኑሮ «ቤት» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ከባዱ እሱ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ያለ፣ የምትተኛበት ክፍል በር ከውስጥ የማይቆለፍ ሴት አለች። እሷ ላይ «ታዘዘች፣ ቤተኛ ሆነች» የሚለው ምክሬ አይሠራም። እዚያ ቤቷ የራሷ የሆነ ትንሽ ነገር ነው፦ ነጠላዋን የምታስቀምጥበት ጥግ፣ እሑድ በስልክ የምትሰማው ቅዳሴ። እህትሽን ሳታስፈቅጂ ግን እንዳትጽፊባት።

እትዬ፣ እርስዎስ ለምን አይጽፉም?

ሦስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ስለዚያች መጋረጃ ስላሰቀሉኝ አሮጊት። ገጽ 14 ላይ ቆሜያለሁ። በእንግሊዝኛ ሳናግራቸው «ዩ» ነበሩ። በአማርኛ «አንቱ» ስላቸው ይርቁብኛል፣ «አንቺ» ስላቸው እናቴ ከመቃብር ተነስታ የምትቆጣኝ ይመስለኛል።