ቀላሉን ብረት በፍጥነት ግፉት

ለጎንደር ልጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሰላሳ ዓመት በላይ የስፖርት መምህር ሆኜ አስተምሬአለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጂም ቤት እየሄድኩ ልጆች አሠራለሁ። ይህን የምጽፈው እዚያ «ጋሼ» ለሚሉኝም፣ ፊታችሁን ላላየሁትም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ቤንቼ አልጨምር አለኝ።» ቤንች የሚሉት በጀርባ ተንጋሎ ብረቱን ከደረት ወደ ላይ መግፋት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የአዘዞ ልጅ ይህንኑ ይዞ መጣ። 90 ኪሎ ላይ ከቆመ ስምንት ወር ሆኖታል። አንዳንድ ቀን ይወጣለታል። አንዳንድ ቀን ብረቱ ከደረቱ ትንሽ ከፍ ይልና ቀጥ ይላል፤ ጓደኞቹ ያነሱለታል። በሌላው ቀን ምን እንደሚሠራ ጠየቅኩት። «ያንኑ 90» አለኝ። በሳምንት አራት ቀን ያንኑ 90 ይታገላል።

ልጁን ስሰማው የራሴ ጉርምስና ትዝ አለኝ። እኛ ስንጀምር ጂም የሚባል ነገር አልነበረንም። በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን፣ የቧንቧ ብረት መሀሉ ተክለን፣ ግቢ ውስጥ በጣውላ ላይ ተንጋለን ነበር የምንገፋው። የምናውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ዛሬ ከትናንት የበለጠ መጫን። እኔም በየቀኑ አቅሜ ጫፍ ድረስ እሄድ ነበር። በ26 ዓመቴ አንድ ቀን ብረቱ ደረቴ ላይ ሲደርስ ቀኝ ብብቴ አጠገብ የሆነ ነገር ቀደድ ሲል ተሰማኝ። ስድስት ወር ሙሉ ፑሽ አፕ እንኳ መሥራት አልቻልኩም። ያኔ «ተው፣ ዛሬ ቀለል አድርግ» የሚለኝ አንድ ታላቅ ሰው ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ለእናንተ ያ ሰው መሆን እፈልጋለሁ።

እንጨት ፈልጣችሁ ታውቃላችሁ? የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ምሳሩን አስቀምጣችሁ በጉልበት ብትጫኑት አይገባም። ምሳሩ ምንም ያህል ቢከብድ አይገባም። ያንኑ ምሳር ከፍ አድርጋችሁ በፍጥነት ስታወርዱት ግን ግንዱ ለሁለት ይከፈላል። የምሳሩ ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው።

ቤንች ላይም ፍጥነት ሥራ አለው። የኒውተንን ሁለተኛ ህግ ተምራችኋል፤ ጉልበት ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በሽምጠጣ ነው። በሂሳብ እንየው። 60 ኪሎ ብረት ክንዳችሁ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም የምትገፉት 60 ኪሎ ነው። ቀስ ብላችሁ ብታነሱትም ያው ነው ማለት ይቻላል። ከደረታችሁ ላይ ስታስፈነጥሩት ግን ሽምጠጣው 5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ቢደርስ፣ በዚያች ቅጽበት ጡንቻችሁ 90 ኪሎ እንደያዘ ያህል ይሠራል። ባሩ ላይ ያለው 60 ነው፤ ደረታችሁ የሚሰማው 90 ነው።

ሌላው ጉዳይ ነርቭ ነው። ጡንቻችን ውስጥ ትንንሽና ትልልቅ የክር ስብስቦች አሉ። አንጎል መጀመሪያ የሚጠራው ትንንሾቹን ነው። ትልልቆቹን፣ ኃይለኞቹን የሚጠራቸው ሥራው ሲከብድ ወይም በጣም ፈጣን እንቅስቃሴ ሲታዘዝ ነው። ስለዚህ ቀላል ብረት በሙሉ ልብ ስታስፈነጥሩ ኃይለኞቹ ቶሎ መነሳትን ይለማመዳሉ። የአዘዞው ልጅ ብረት የሚቆምበትን ቦታ አስቡት፤ ከደረት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እዚያ የሚደርሰው ፍጥነት ይዞ ከሆነ ያልፋል። እየተንፏቀቀ ከደረሰ እዚያው ይቀራል።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ያደገው ተመራማሪ ቭላዲሚር ዛትሲዮርስኪ ጉልበት የሚገነባባቸውን መንገዶች ሦስት ብሎ ከፍሏቸዋል። አንዱ እስከ ጫፍ ከባድ ማንሳት ነው። ሁለተኛው እስኪደክም ደጋግሞ ማንሳት ነው። ሦስተኛው ቀለል ያለውን በሚቻለው ፍጥነት ማንሳት ነው። በፓወርሊፍቲንግ፣ ማለትም ቤንችን ጨምሮ ከባድ ብረት በማንሳት በሚወዳደሩበት ስፖርት፣ ሦስተኛውን ያስፋፋው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ጂም የነበረው ሉዊ ሲመንስ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አርፏል። እሱ የሚያሠራቸው ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ቤንች ከባድ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ቀላልና ፈጣን ይገፉ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ ለውድድር የሚለበሰውን ጠንካራ የቤንች ሸሚዝ የሚለብሱ ነበሩ። ሸሚዙ ከደረት ላይ ብረቱን ስለሚያግዝ፣ የእነሱን ቁጥር እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱ።

እኔ ያለ ሸሚዝ ለሚሠሩ ልጆች የማዘው ይህን ነው። መጀመሪያ ትክክለኛ አቅማችሁን እወቁ። ጓደኛ ሳያግዛችሁ፣ መቀመጫችሁ ከቤንቹ ሳይነሳ የገፋችሁትን ማለቴ ነው። 90 ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት 55 በመቶውን ጫኑ፤ 50 ኪሎ ገደማ ነው። በሁለተኛው 60 በመቶ፣ በሦስተኛው 65 በመቶ። በአራተኛው ሳምንት ወደ 55 በመቶ ተመልሳችሁ ዑደቱን እንደገና ጀምሩ። ስምንት ዙር፣ በዙር ሦስት ጊዜ ብቻ። በዙሮቹ መካከል አንድ ደቂቃ እረፉ። ከባዱን ማክሰኞ ከሠራችሁ ፈጣኑን ዓርብ አድርጉት፤ መሀላቸው 72 ሰዓት ያህል ይኑር። ሲወርድ ብረቱን እናንተ አውርዱት እንጂ አይውደቅባችሁ። ሲወጣ ግን ጣሪያውን የምትበሱት ይመስል ግፉት። አውራ ጣታችሁ ባሩን ይዙር። ያለ አውራ ጣት የሚገፋ ልጅ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

ሦስት ጊዜ ብቻ ስላችሁ ብዙዎቻችሁ ትከፋላችሁ። «ጋሼ፣ ምንም አልደከመኝም እኮ!» ይሉኛል። አዎ፣ አይደክማችሁም። ድካም ሲመጣ ፍጥነት ይሄዳል። የምንፈልገው ደግሞ ፍጥነቱን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁጥሩ አይደለም። እኛ ጎንደር ላይ ወንድነትን ከጉልበት ጋር እያሰርን ነው ያደግነው። ጂሙ ሞልቶ፣ ጎረቤት ቤንች ላይ ያለው 100 ኪሎ ሲያጓራበት፣ 50 ኪሎ ጭኖ መንጋለል ያሳፍራል። አውቀዋለሁ። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት በሦስተኛው ዙር ላይ አምስት አምስት ኪሎ ሲጨምር፣ ብረቱ ሲዘገይበት፣ የፍጥነቱ ቀን ሌላ ከባድ ቀን ሲሆንበት አይቻለሁ። ያኔ ሁለቱም ይበላሻሉ። ፈጣንም አልሆነ፣ ከባድም አልሆነ። ልጆቼ፣ እባካችሁ ሰው የሚያየውን አትጫኑ፤ ሥራው የሚጠይቀውን ጫኑ። ከፈለጋችሁ ጂሙ ጭር ሲል፣ በማለዳ ኑ። እኔ አለሁ።

ፍጥነታችሁን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ሞባይላችሁን ከጎን አቁሙና ቅረጹ። የመጨረሻ አቅም ሲነሳ ባሩ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚጓዘው። ግማሽ አቅም ሲሆንና በሙሉ ልብ ሲገፋ ግን በሰከንድ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በፍጥነቱ ቀን ከደረት እስከ ክንድ መዘርጋት ያለው ጉዞ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ማለቅ አለበት። የስምንተኛው ዙር ቪዲዮ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰል። ካልተመሳሰለ ብረቱ ከብዷል፤ ቀንሱ።

ሰንሰለትና ላስቲክም ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀላል ብረት በፍጥነት ሲወጣ፣ ክንድ ሊዘረጋ ሲል ሰውነት ራሱ ፍሬን ይይዛል። ሰንሰለት ከመሬት እየተነሳ ሲሄድ ስለሚከብድ እስከ መጨረሻው እንድትገፉ ያስገድዳል። ከብረታ ብረት መደብር የተገዛ ሰንሰለት ሁለቱም ወገን እኩል ከመዘነ በቂ ነው። አንዳንዶች ደግሞ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጠው ያስራሉ። ይሠራል፤ ግን ከመሥራታችሁ በፊት ስንጥቅ እንዳለው በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ፈትሹ። ፊታችሁ ከብረቱ ስር ነው ያለው። እኔ ግን መጀመሪያ ሦስት ወር ያለ ምንም ተጨማሪ ሥሩ እላለሁ።

ገና ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ብረት ከነካችሁ ዓመት ካልሞላችሁ፣ ይህን ሁሉ ተዉት። አቋማችሁን አስተካክሉ፤ ተራውን ሥራ አዘውትሩ፤ ብረቱ በራሱ ይጨምርላችኋል። ትከሻችሁን የሚያማችሁም አትሞክሩት፤ መጀመሪያ ታከሙ።

ጾም ለምትጾሙ አንድ ነገር ልጨምር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ከባዱን ቀን ቀንሱ፤ ፈጣኑን ግን አታቋርጡ። ሰውነትን ብዙ አያደቅቅም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን በርከት አድርጋችሁ ብሉ። እኔ ለብዙ ዓመት እንዲህ አድርጌ ፋሲካ ላይ ጉልበቴ አልከዳኝም።

ውድድር የምታስቡ ደግሞ፣ በፓወርሊፍቲንግ ህግ ብረቱ ደረት ላይ ቆሞ ዳኛው «ፕሬስ» እስኪል ድረስ አይገፋም። ጂም ውስጥ እንደምታደርጉት ደረት ላይ አንጥሮ ማንሳት አይቆጠርም። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታት የፍጥነቱንም ቀን ደረት ላይ አቁማችሁ፣ ከዚያ አስፈንጥሩ። ከቆመበት በፍጥነት መነሳት ሌላ ችሎታ ነው። ለብቻው ይለመዳል።

የአዘዞው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አላመነኝም ነበር። ፊቱ ላይ ይታያል። በሦስተኛው ዑደት፣ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት 92 ተኩል ጫንኩለት። ብረቱ ያቺ የምትይዘው ቦታ ላይ ደርሶ ትንሽ ዘገየ፤ ግን አልቆመም። አልፎ ሄደ። ልጁ ተነስቶ ቁጭ አለና ባሩን አየው። ከዚያ «ጋሼ፣ 95 ልጫን?» አለኝ። «ዓርብ 60 ትገፋለህ» አልኩት። ዓርብ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ጠበቀኝ።